አራት ጣት ወይስ ስንዝር

የወንድሜን ፒክአፕ ከፍ ያስደረገው የወንዙ ድንጋይ ነው የሚሉ አሉ። ውሸት ነው። ድንጋዩ የጠየቀው ሦስት ጣት ብቻ ነበር፤ የቀረውን የጠየቀው የወንድሜ ቁመት ነው።

ወንድሜ መስታወት ገጣሚ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ሜትር» ይለዋል። አንድም ቁመቱ ከሜትር ብዙ አያልፍም ብለው ሊያሾፉበት ነው፤ አንድም መለኪያው ከቀበቶው ወርዶ ስለማያውቅ ነው። የመስኮት ክፈፍ ሁለቴ ይለካል፣ መስታወቱን ከመቁረጡ በፊት ደግሞ እንደገና ይለካል። ሰው ቤት በእንግድነት ሲሄድ እንኳ ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነው፤ የቀረበለትን ሳይቀምስ «ይቺ ጋ ግማሽ ሳንቲም ተዛብታለች» ይላል። ሲቆርጥ ማየት ደስ ይላል። ትንፋሹን ይዞ መቁረጫውን አንዴ ብቻ ይጎትታል፣ ከዚያ ከሥር በጣቱ መታ ሲያደርገው መስታወቱ እንደታዘዘ ለሁለት ይከፈላል። ሥራው ላይ ሳለ እኮራበታለሁ። ጋራዥ ሰፈር ሲገባ ግን ያስጠላኛል።

ጋራዥ ሰፈርን ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። በመደዳው መጨረሻ ባለች አንዲት ክፍል የመኪና ወንበር ልብስ እሰፋለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ላብ የጠጣ ስፖንጅ ስገሸልጥ እውላለሁ። ወንበር ሥር የማገኘውን ነገር ብዘረዝር ምግብ አትበሉም። እሱን ለምጄዋለሁ፤ ያልለመድኩት በመስኮቴ የማየውን ነው። አንዱ መኪና ከፍ ተደርጎ ከጋራዥ ሲወጣ፣ ሥራ ያለውም የሌለውም ተግተልትሎ ይመጣና ይከበዋል። ከዚያ ሁሉም በየተራ መዳፉን ዘርግቶ በጎማውና ከላዩ ባለው የጭቃ መከላከያ፣ በፓራፋንጎው፣ መካከል ይከታል። «ስንት ገባ?» «ስንዝር ከሁለት ጣት።» ምራቃቸውን እንትፍ እያሉ፣ በዘይት እጃቸው አገጫቸውን እያሹ፣ ሙሽራ ያዩ ይመስል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እዚህ መደዳ የመኪና ልክ ይኸው ነው፤ ከጎማ እስከ ፓራፋንጎ። መኪናው ምን ይጭናል፣ በምን መንገድ ይሄዳል፣ ማን ይቀመጥበታል ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው አላየሁም።

የወንድሜ ፒክአፕ ውስጥ የምትቀመጠው እናታችን ናት። ከወንዙ ማዶ፣ አባታችን በሠራው ቤት ከሜትር ጋር ትኖራለች። ስኳር አለባት። ቀኝ እግሯ ተረከዙ ላይ ቆስሎ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት ሄዳ ይጠረግላታል። ሐኪሙ ነገሩን አላድበሰበሰብንም፤ ቁስሉ በጊዜው እየተጠረገ ሳይነካ ከቆየ ይድናል፣ ቀጠሮ ከተዘለለ ወይም ከተመታ እግሩ ይቆረጣል ብሎናል። እናቴ ይህን ሰምታ ያለችው ነገር ቢኖር «እንግዲህ ጫማውንም በግማሽ ዋጋ ይሸጡልኛላ» ነው። እኛ አልሳቅንም።

ወንዙ ድልድይ የለውም። ውሃው አያሰጋም፣ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ መሃሉ ላይ ግን ከመሬቱ ጋር አብሮ የተፈጠረ ጥቁር ድንጋይ አለ፣ በመዶሻም በዲጂኖም የማይነቀል። አንድ ቀጠሮ ቀን ጠዋት የሜትር ፒክአፕ ሆዱን ድንጋዩ ላይ መታና ኮፓው ተሰነጠቀ። ኮፓ ማለት ከሞተሩ ሥር ዘይት የሚይዘው ዕቃ ነው። ዘይቱ ውሃው ላይ ተንጣልሎ ሄደ፤ እናቴ ጋቢና ውስጥ እንደተቀመጠች ፀሐይ ዞረባት፤ ቀጠሮው አለፈ። በሚቀጥለው ጊዜ ፋሻው ሲፈታ አጠገቧ ነበርኩ። ሽታው እስከዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። እናቴ አፍራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሜትር የተሰነጠቀውን ኮፓ አስበይዶ፣ በነጋታው ሱሪውን ሰብስቦ ወንዙ ውስጥ ገባ። በሆዱ ተኝቶ ድንጋዩን ለካ፣ መኪናውንም ለካ። ልብሱ እየተንጠባጠበ ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ በገዛ አፉ፣ «እትዬ፣ ሦስት ጣት ከፍ ቢልልኝ አይነካም» አለኝ። ይህን ያዙልኝ። ሦስት ጣት ብሏል።

ወደ ጋሽ ባሌስትራ ይዤው ሄድኩ። ጋሽ ባሌስትራ ከሱቄ ፊት ለፊት ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኋላ ጎማ የሚሸከመውን ንብርብር ብረት፣ ባሌስትራውን፣ ሲያስተካክሉ ስለኖሩ ስማቸውም እሱ ሆኖ ቀረ። አፋቸው አይጥምም። ደንበኛ ሲመጣ ቀና ብለው አያዩም። መኪናው ሥር ገብተው ወጡና እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ስንት አለህ?» አሉት። ነገራቸው። ለሁለተኛ መቁረጫ ጠረጴዛ ብሎ ያጠራቀማት ገንዘብ ነበረች።

«ከኋላ ባሌስትራው ላይ አንድ ብረት እንጨምራለን። ከፊት አዲስ ሞላ፣ አዲስ ሾክ። ከሥር ለኮፓው ጋሻ ብረት። አራት ጣት ከፍ ይላል። ገንዘብህ እዚያው ያልቃል።»

«አራት ጣት ብቻ?» አለ ሜትር።

«ድንጋዩ ስንት ፈለገ?»

«ሦስት።»

«እንግዲያው አንዱን ጣት መርቄልሃለሁ» አሉና ተመልሰው መኪናው ሥር ገቡ።

እዚህ ላይ ነገሩ ማለቅ ነበረበት። ወንድሜ ግን ከጋራዡ ሲወጣ ቆም ብሎ የቆሙትን መኪኖች አየ። አንዱ የአሸዋ ነጋዴ ፒክአፑን ሰገነት አሳክሎታል። ሜትር አጠገቡ ሲቆም ከመስኮቱ በታች ቀረ። ፊቱን አየሁት፤ በልጅነቱ ጎረቤቶች ከልጆቻቸው ጋር ጀርባ ለጀርባ ሲያቆሙት የሚያሳየው ፊት ነው። ያኔ ነው የፈራሁት።

በማግስቱ «ዶክተር» ጋ ሄደ። ዶክተር ሐኪም አይደለም፤ የመኪና ዕቃ ነጋዴ ነው፣ ማዕረጉን ለራሱ የሰጠ። ነጭ ጋውን ይለብሳል፤ ጋውኑ አንገቱ ጋ የላብ፣ ኪሱ ጋ የቅባት ቀለበት አለው። ሰው ሲያናግር ከመጠጋቱ ብዛት ትንፋሹ ፊት ላይ ይቀመጣል። ያቅለሸልሸኛል። ሄጄ ባልገባ ደስ ባለኝ፣ ግን ወንድሜን ለእሱ ትቼ መቅረቱን ልቤ እምቢ አለኝ።

«ወንድሜ፣ አራት ጣት ማለት እኮ አለማድረግ ነው» ይለዋል ዶክተር፣ ትከሻውን አቅፎ። «ሰው ሳያይልህ ገንዘብህን መሬት ሥር ትቀብራለህ? እኔ በዚያው ዋጋ ሙሉ ስንዝር እሰጥሃለሁ። ከፊት ሞላው አናት ላይ ይሄን የብረት ቀለበት፣ ከኋላ ባሌስትራውና የጎማው ዘንግ መሃል ይሄን ድፍን ብረት እንከታለን። ሾክ አለልህ። ትልልቅ ጎማ አለልህ። ከዚያ በኋላ ድንጋይ ሲያይህ ራሱ ይሸሻል።»

ሾኮቹ፣ የጉድጓድን ምት የሚያበርዱት ቱቦዎች፣ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል፣ በጥቁር ቀለም ያብረቀርቃሉ። መቀሴን ከሽርጤ ኪስ አውጥቼ የአንዱን ጎን ፋቅ አደረግኩት። ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተነሳ። ከሥሩ ዝገት፣ ከዝገቱ ሥር ደግሞ ፈስሶ የደረቀ ዘይት። ቁስል የከፈትኩ መሰለኝ።

«ይሄ ከተጣለ መኪና የወጣ ነው» አልኩት።

ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ነው፤ ሳቀ። «እህቴ፣ ያገለገለ ማለት እኮ የተፈተነ ማለት ነው» አለና ያን ሾክ ገለል አድርጎ ከጀርባው ሌላ አመጣ። ቀለሙ ገና እጅ ይይዛል።

ወንድሜን አየሁት። ዝገቱን አይቷል። ግማሽ ሳንቲም የተዛባ መስኮት ከመንገድ ማዶ የሚያይ ሰው ዝገቱን በአፍንጫው ሥር አይቷል። ግን የሚያየው ጎማዎቹን ነበር።

«ሜትር፣ ሦስት ጣት ብለሃል» አልኩት።

«እትዬ፣ ከበዛ ምን ይጎዳል?» አለ።

መቀሴን ወደ ኪሴ መልሼ ወጥቼ ሄድኩ።

መኪናው በሦስተኛው ቀን ከጋራዥ ወጣ። በመስኮቴ አየሁት፤ ያው ግርግር፣ ያው መዳፍ፣ ያው ምራቅ። «ስንዝር ሙሉ! ሜትር፣ ዘንድሮ ረዘምክ» ይሉታል። ወንድሜ እጀታውን ይዞ፣ አንድ እግሩን ጎማው ላይ አድርጎ፣ ተንጠላጥሎ ገባና በመስኮቱ ቁልቁል አየኝ። ከተወለደ ጀምሮ ቁልቁል ሲያየኝ የመጀመሪያው ነው። ጥርሱ አልከደን አለ። ጋሽ ባሌስትራ ከበራቸው ቆመው ጥቂት አዩና ወደ ውስጥ ገቡ፤ እሳቸው እንኳ ያን ቀን አልተሳደቡም።

ቀጠሮው በማግስቱ ነበር። እናቴን የማጅባት እኔ ስለሆንኩ እነሱ ቤት አደርኩ። ጠዋት እናቴ ታጥባ፣ የታጠበ ቀሚስ ለብሳ፣ ፋሻው ጭቃ እንዳይነካው የታመመ እግሯን በፌስታል ጠቅልላ፣ በምርኩዟ ወደ ደጅ ወጣች። ሜትር በኩራት የጋቢናውን በር ከፈተላት።

የጋቢናው ወለል ደረቷ ላይ ደረሰ።

ሜትር ቁመቱን የወረሰው ከእሷ ነው። እናቴ በሩን አየች፣ ወደ ላይ አየች፣ ከዚያ ልጇን አየች። ሜትር ሮጦ የለስላሳ ሣጥን አመጣ፤ ደህነኛውን እግሯን ስታሳርፍበት ሣጥኑ ተወላገደ። ወንበር አመጣ፤ ወንበሩ ላይ ለመውጣት ሌላ ወንበር ያስፈልግ ነበር። በመጨረሻ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጭቃው ላይ በእጁና በጉልበቱ ተንበረከከ።

«እማ፣ ጀርባዬን ርገጪና ውጪ።»

«ልጄን ረግጬ ሐኪም ቤት አልሄድም» አለች እናቴ።

«እማ፣ ይረፍድብናል።»

«ይርፈድ።»

ሌላ መላ ስናጣ ጫንናት። ሌላ ቃል የለውም። እኔ ጋቢና ውስጥ ገብቼ ከብብቷ ጎተትኩ፣ እሱ ከታች ገፋ። አንዴ ጥርሷን አንቀጫቀጨች፣ አንዴ ቀሚሷ ተሰበሰበና በነፃ እጇ ወደታች ለመሳብ ታገለች፤ መንገደኛ ቆሞ ያያል። ልትገባ ጥቂት ሲቀራት ተረከዟ ከበሩ ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ድምፁን ሰማሁት። አልጮኸችም። ዓይኗን ጨፈነች፣ ቆየት ብላ ገለጠች፣ ቀሚሷን አስተካከለች፣ «በል ንዳው» አለች።

የዶክተር ሾክ በየጉድጓዱ ወገባችንን እየነረተ ወንዙ ደረስን። ድንጋዩን አለፍነው። አልነካም። ሜትር ወደ እኛ ዞር ብሎ፣ «አያችሁ? ጭራሽ አልነካም» አለ። በሕይወቴ ሰው በጥፊ መትቼ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ያልመታሁት እሱ መሪ ስለያዘ አይደለም፣ የእናቴ እግር ጭኔ ላይ ስለነበረ ነው። ፌስታሉ ውስጥ ቀይ ነገር ይታየኝ ነበር።

ነርሷ ፋሻውን ፈትታ ግንባሯን ቋጠረች። «ምን መታው?»

«መኪና» አለ ሜትር።

«መኪና ገጫት?»

«አይ… መኪና ላይ ልንጭናት ስንል ነው።»

ነርሷ ከቁስሉ ቀና ብላ አየችው፤ ያየሁትን ዓይን ለጠላቴ አልመኝም። «እኝህ ሴትዮ ሲሚንቶ ናቸው እንዴ የሚጫኑት?» አለች። ጠረገች፣ የሞተውን ሥጋ ሰፋ አድርጋ ቆረጠች፣ አሸገች። እግሩ ለጊዜው ተርፏል፣ እንዲህ ያለ ምት ከተደገመ ግን ቀጣዩ ቀጠሮ ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ነው ብላ አሰናበተችን። ሜትር ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ፊቱ አመድ መሰለ። አላዘንኩለትም።

ስንመለስ ማውረዱ ከመጫኑ የባሰ ነበር። እንዴት እንዳወረድናት አልተርክም፤ እሷም እንዲነገርባት አትፈልግም።

ቤት ገብታ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሜትር እግሯ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጦ ያጉረመርማል። ዶክተርን ረገመ፣ ጎማውን ረገመ፣ የጎማውን ነጋዴ ረገመ። ድንጋዩን ሁለቴ መለካቱን፣ መኪናውን ሁለቴ መለካቱን፣ ልኩ እንዳልተሳሳተ ነገረን። ያን የኩራትና የእንባ ድብልቅልቅ መስማት አስጠላኝ። አፌን ልከፍት ስል እናቴ ቀደመችኝ።

«ድንጋዩን ለካህ» አለች፣ ረጋ ብላ። «መኪናውን ለካህ። እኔንስ ማን ለካኝ?»

ወንድሜ እጁ ወደ ቀበቶው ሄደ። ሰው ሲጨንቀው አንገቱን እንደሚያክ እሱ ሜትሩን ይነካል፤ ያን ጊዜ ግን አወጣው። ተንበርክኮ ተጠጋት።

«እማ፣ ደህነኛውን እግርሽን አንሺው እስቲ። የምትችዪውን ያህል።»

እናቴ የአልጋውን ራስጌ ተደግፋ ቆመች፣ እግሯን አነሳች። ጫማዋ ከወለሉ ከፍ አለ፣ ጥቂት ቆየ፣ ወረደ። ሜትር ከወለሉ እስከ ጫማዋ ለካ።

«አንዴ ድገሚልኝ» አለ።

ደገመችለት።

«ሦስተኛ» አለ።

ሦስተኛም አነሳችለት። እንደ መስታወት ትንፋሹን ይዞ ለካት።

የዶክተርን ብረቶች ራሱ ፈታቸው። ዶክተር «የተገጠመ ዕቃ አይመለስም» ብሎ በጋውኑ እጁን ጠረገ፤ ሜትርም አልተከራከረም። ትልልቆቹን ጎማዎች ቁመቱ እንደሱ የሆነ አንድ ሌላ ሰው ገዛቸው፤ ስለዚያ ሰው እናት ባሰብኩ ቁጥር ይከፋኛል። በዚያ ገንዘብ ጋሽ ባሌስትራ መኪናውን አራት ጣት ከፍ አደረጉለት፣ ለኮፓው ጋሻ ሠሩለት። ሜትር ደግሞ የእናታችንን እግር ልክ ነገራቸውና ከጋቢናው በር ሥር ሰፊ መርገጫ አስበየደ። ጋሽ ባሌስትራ ብረቱን ሲይዙ «ትንሽ ከፍ ብናደርገው ያምራል» አሉት ሊፈትኑት። «አይሆንም» አለ።

ከጋራዥ ሲወጣ ያው መደዳ ከበበው። መዳፋቸውን ዘርግተው ሊከቱ ሞከሩ፤ አልገባ አለ። «ሜትር፣ ምን ነክቶህ ነው? አሳጠርከው እኮ» ብለው ሳቁበት። አንዱ መርገጫውን በእግሩ እየነካ «የአሮጊት መኪና!» አለው። ወንድሜ ፊቱ ቀላ። በሩን ከፍቶ ገባ፤ ሳይንጠላጠል፣ እንደ ሰው ረግጦ።

በቀጠሮው ቀን እናቴ በምርኩዟ ወጣች። ሜትር ሊደግፋት እጁን ዘረጋ፣ በዓይኗ መለሰችው። እኔም ወደ ኋላ አልኩ። ደህነኛ እግሯን መርገጫው ላይ አሳረፈች። እጀታውን ያዘች። ጥቂት ቆመች፣ ተነፈሰች፣ ወጣች። ማንም አልነካትም። ቀሚሷን በጉልበቷ ላይ ሰበሰበች፣ ምርኩዟን አጠገቧ አጋደመች፣ በመስኮቱ ቁልቁል ሁለታችንን አየችን።

«በሩን ዝጉልኝ እንጂ» አለች። «ነርሷ ትጠብቀኛለች።»